ዘበኛ የሌለው ቦኖ

ሻምበል ይሏቸዋል። ማዕረጉን የሰጣቸው ሰፈርተኛው ነው እንጂ መንግሥት አይደለም። ዕድሜያቸውን ሙሉ የእስር ቤት ዘበኞች አለቃ ሆነው ሠርተው ጡረታ ሲወጡ ብቸኝነቱ ከበዳቸው። የእህታቸው ልጅ፣ መምህሯ፣ «ቤቴ ቤትዎ ነው ጋሼ» ብላ አንዷን ክፍል ለቀቀችላቸው። ሰውየው ቀጥ ብለው ይራመዳሉ፣ ጫማቸው ያበራል፣ ፊሽካቸው ዛሬም ከአንገታቸው አትወርድም። ክፉ ሰው አይደሉም። ብቻ ሰውን ተሰልፎ ካላዩት አያምኑትም።

በመጡ በማግሥቱ ማለዳ እግራቸውን ሊያፍታቱ ወጡና፣ እግር ጥሏቸው ከሰፈሩ ቦኖ ዘንድ ደረሱ። ውሃው ገና አልመጣም። ጀሪካኖቹ ግን ከቧንቧው አፍ ጀምሮ እስከ ሰፈሩ አናጢ ደጅ ድረስ ተሰልፈዋል። ቢጫው አለ፣ ሰማያዊው አለ፣ ክዳኑ ጠፍቶ በላስቲክ የታሰረው አለ። ሰው ግን የለም፤ አንድም ሰው! ሻምበል ግራ ቀኝ አዩ። የዘበኛው ጎጆ እዚያው ጥግ ላይ ቆሟል፤ በሩ ተገንጥሏል፣ ውስጡ ድመት ወልዳበታለች።

«ወይ ጉድ!» አሉ ጮክ ብለው። «ሰው ዕቃውን ሜዳ ላይ በትኖ ይተኛል?»

በዚህ መሐል የእህታቸው ልጅ የራሷን ጀሪካን አንጠልጥላ ከች አለች።

«እንደምን አደሩ ጋሼ? እንቅልፍ እምቢ አለዎት እንዴ?»

«ደህና ነኝ ልጄ። ለመሆኑ የዚህ ቦኖ ዘበኛ የት ሄዶ ነው?»

«ዘበኛማ የለንም። የነበረውን መሥሪያ ቤቱ ወደ ሌላ ሥራ አዛወረው፤ በምትኩ የመጣ የለም። ብንጮህም የሰማን የለም፤ በኋላ እኛም ተውነው።»

«ታዲያ የሚያስከብረው ማነው?»

«ምኑን?»

«ተራውን ነዋ!»

«ኧረ ተራው ራሱን ያስከብራል» አለችና ጀሪካኗን ከመጨረሻው አስጠግታ አስቀመጠች።

ሻምበል ሳቁ። ልጅ የማይሆን ነገር ሲናገር የሚሳቀው ዓይነት ሳቅ ነው።

«ልጄ፣ ትምህርትሽን አከብራለሁ፤ ስትማሪም ደስ ብሎኛል። ግን አንቺ ሰውን ያወቅሽው ከመጽሐፍ ነው። እኔ ያወቅሁት ከብረት ፍርግርጉ በዚህ በኩል ቆሜ ነው። ሰው የሚፈራው ነገር ከሌለ አውሬ ነው። መንግሥት የተባለ ነገር ባይኖር፣ ይኸን ጀሪካን ተይው፣ የምትሸከሚበትን ጀርባሽን ይሰርቁሽ ነበር።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ፣ በፍርግርግ በኩል የታየ ሰው ሙሉውን ታየ ይባላል?»

መልስ ሳትጠብቅ ሰዓቷን አየች። የዚያን ዕለት ከሌሎች መምህራን ጋር ፈተና ልታርም ወደ ሌላ ከተማ የምትሄድበት ቀን ነበር። አናጢው ብቅ ሲል ጀሪካኗን እንዲቀዳላት አደራ ብላ፣ አጎቷን ጉንጫቸውን ስማ፣ እየሮጠች ሄደች።

ውሃው መጣ። ሰውም ከየቤቱ ብቅ ብቅ አለ፤ ሁሉም በየጀሪካኑ አጠገብ ቆመ። ሻምበል ዳር ይዘው «እስቲ አሁን የሚሆነውን እናያለን» እያሉ ጠበቁ። ብዙም አልጠበቁ። ከወደ ኋላ አንዲት ቀጭን ሴት ጀሪካኗን ብድግ አድርጋ፣ ያንን ሁሉ ሰልፍ አልፋ፣ ከቧንቧው ሥር ደቀነችው። ማንም ቃል አልተነፈሰም። እንዲያውም አናጢው የሞላላትን አንስቶ አሸከማት። ሴትየዋ በጥድፊያ እየተራመደች ከመንገዱ ጠፋች።

የሻምበል ደም ፈላ። ሌላ ሰው ቢሆን «ይህች ሴት ማናት? ለምን ቀደመች?» ብሎ አጠገቡ ያለውን ይጠይቅ ነበር። እሳቸው ግን ማዘዝን እንጂ መጠየቅን ሥራቸው አላስተማራቸውም። ሰው ሁሉ ፈርቷት ነው ዝም ያለው ብለው ደመደሙ። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ጥፋታቸው ሁሉ የተቀዳው ከዚህች ካልተጠየቀች ጥያቄ ነው።

በማግሥቱ ሻምበል ጫማቸውን ወልውለው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ቦኖው አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተሰየሙ። ቀጭኗ ሴት እንደ ልማዷ ወደ ፊት ስትመጣ ፊሽካው ጮኸ።

«ወደ ኋላ!»

ሴትየዋ ክው አለች። «አባባ፣ እኔ እኮ...»

«ወደ ኋላ ብያለሁ! በተራሽ!»

አናጢው «ሻምበል፣ ነገሩ እንኳ...» ብሎ ሊያስረዳ ሲሞክር ፊሽካው ደግሞ ጮኸ። ሽማግሌን መቃወም ከበደው፤ ሌላውም ዝም አለ። ሴትየዋ አንገቷን ደፍታ ጀሪካኗን ወደ መጨረሻው ወሰደች። ሻምበል በረጅሙ ተነፈሱ፤ ከጡረታ ወዲህ እንደዚያን ቀን ደስ ብሏቸው አያውቅም።

ነገር ግን ቀን በጨመረ ቁጥር ቦኖው መልኩን ለወጠ። ጀሪካኑን ትቶ የሚሄድ ሰው ጠፋ፤ ሁሉም ዕቃውን በእግሩ መሐል ይዞ ይቆማል። አንዱ፣ ሻምበል ፊታቸውን ሲያዞሩ፣ ይሾልካል። ሌላው «እኔ ቀድሜ ነበርኩ፣ እሳቸው ምስክሬ ናቸው» ይላል። አንዳንዱ ወንበር ያመጣላቸዋል፣ አንዳንዱ ሻይ ያመጣላቸዋል፤ የሁሉም ዓይን ግን ሰልፉ ላይ ነው። ቀድሞ ለጎረቤቱ ያዝን የነበረ ሰው «ምን አገባኝ፣ አለቃ አለ አይደል?» ማለት ጀመረ። ጭቅጭቁ እስከ አደባባይ ይሰማል። ሻምበል ይህን ሁሉ እያዩ «አላልኩም? ሰው ማለት ይኸው ነው!» እያሉ ፊሽካቸውን ጠበቅ አድርገው ይነፋሉ።

መምህሯ ፈተናዋን አርማ ስትመለስ ወሬውን ከመንገድ ነው የሰማችው። እራት ቀርቦ ሁለቱ ፊት ለፊት ተቀመጡ። እሷ እጇን ታጥባ ብትቀመጥም አልጎረሰችም።

«ጋሼ፣ ስለ ቦኖው ሰማሁ።»

«ትሰሚያለሻ! ሥርዓት አስያዝኩት። ልጄ፣ እንግዲህ አትቀየሚኝ፤ ያለ ዘበኛ፣ ያለ ዳኛ፣ ያለ መንግሥት የሰው ልጅ አብሮ መኖር አይችልም። ተፈጥሮው ነው። አንቺ ‹ራሱን ያስከብራል› ያልሽው ሰው ዛሬ ምን እንደሚያደርግ መጥተሽ እይው።»

«ተፈጥሮው ከሆነ፣ ዘበኛ ባልነበረ ጊዜ ለምን እንዲህ አልሆነም?»

«ዕድል ነዋ!»

«ይህን ሁሉ ጊዜ? ጋሼ፣ እርስዎ የሚሉት ተፈጥሮ እርስዎ ከመጡ በኋላ ነው የመጣው።»

ሻምበል እንጀራቸውን አስቀመጡ። ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«ስሚኝ። አንድ ጊዜ ከተማው ታወከና ዘበኞቼ ጥለው ሸሹ። እኔም ሸሸሁ፤ አልዋሽሽም። በማግሥቱ ስንመለስ እስረኛው መጋዘኑን ሰብሯል፣ ደካማውን ረግጦታል፣ ለአንድ ብርድ ልብስ ሲል ሰው ሰው ገድሏል። በዓይኔ አይቻለሁ። ይኸን ካየሁ በኋላ ነው አንቺ ‹ሰው ደግ ነው› የምትይኝ?»

«አላልኩም። ደግ ነው አላልኩም። ብቻ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የተረገጡትን ደካሞች ሲመለሱ የት አገኟቸው?»

«የት ይሆናል? ከግድግዳው ሥር ነዋ። ተኝተው። ብርድ ልብስ ለብሰው።»

«ማን አለበሳቸው?»

ይህን ነገር ዕድሜ ልካቸውን ሲያወሩት አንድም ሰው ይህን ጠይቋቸው አያውቅም። «እስረኞቹ ናቸው» አሉ በመጨረሻ፣ ከራሳቸው ጋር እንደሚነጋገር ሰው። «ሌሎቹ እስረኞች። አንዱ እንዲያውም የራሱን አልብሶ በብርድ ሲንቀጠቀጥ ነው ያገኘሁት።»

«ይኸው ነው የምለው ጋሼ። ያ ሌሊት ሁለት ሰው አሳይቶዎታል። እርስዎ ግን አንዱን ብቻ ሲያወሩልን ኖሩ።»

«እሺ፣ ሁለቱም ይኑሩ። ያኛውን ማን ይይዘዋል? ንገሪኝ እንጂ! ገዳዩን በብርድ ልብስ ትይዥዋለሽ?»

«እውነትዎን ነው፤ እሱን አልመለስኩትም። ሀገር ሙሉ ሕዝብ፣ የማይተዋወቅ ሕዝብ፣ ያለ መንግሥት ይኖራል ወይ ቢሉኝ አላውቅም። የማውቀው፣ ሰውን ሰው ያደረገው መንግሥት አለመሆኑን ነው። ደንብ ከመንግሥት በፊት ነበረ። ሰው ያለ ገዥ ሊኖር ይችል ይሆናል፤ ያለ ደንብ ግን መኖር አይችልም፤ ስለዚህ ባላዘዙትም ጊዜ ያበጃል። ቦኖው ላይም ደንብ ነበረን፤ እርስዎ አላዩትም እንጂ።»

«የቱ ደንብ? ያቺ ሴት ሁሉን ረግጣ ስትቀዳ?»

የመምህሯ ፊት ተለወጠ።

«ያቺ ሴት ልብስ ሰፊ ናት፤ የልብስ ፋብሪካው የማለዳ ፈረቃ ሠራተኛ። እናቷ ከአልጋ አይነሱም። አጥባቸው፣ አንሶላቸውን ቀይራ፣ አጉርሳቸው ነው የምትሄደው። ለዚህ ውሃ ያስፈልጋታል። ማንም ስብሰባ አልጠራም ጋሼ። አንድ ቀን አናጢው ‹ቅደሚ› አላት፣ በማግሥቱ ሌላው ‹ቅደሚ› አላት፤ በዚያው ደንብ ሆነ። አሁን እርስዎ ወደ ኋላ ከላኳት ወዲህ ስታረፍድ ከርማለች። ፋብሪካው ‹አንድ ቀን ደግሞ ካረፈድሽ እዚያው ቤትሽ ቅሪ› ብሏታል። ከሥራዋ ከወጣች ሁለቱም የሚበሉት የላቸውም።»

ሻምበል አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «ታዲያ ለምን አልነገረችኝም?»

«ፊሽካ ለሚነፋ ሰው ምን ይነገራል ጋሼ?»

ሻምበል ምግቡን ገፋ አድርገው ወደ ክፍላቸው ገቡ።

በነጋታው ሳይረፍድ ወጥተው «ሴትዮዋን ቅደሚ እላታለሁ፣ ይቅርታም እጠይቃታለሁ» እያሉ ወደ ቦኖው ሲደርሱ፣ አንድ የጭነት መኪና ቆሞ አገኙ። ላዩ በርሜል ብቻ ነው። ባለ መኪናው፣ ውሃ እየቀዳ ራቅ ካለ ሰፈር የሚሸጥ ወፍራም ሰውዬ፣ እጁን ዘርግቶ ወደ ሻምበል መጣ።

«አባታችን እንደምን አደሩ? የዚህ ቦኖ አለቃ እርስዎ ነዎት አሉኝ። ዱሮ እንኳ መጥቼ ነበር፤ የማናግረው ሰው አጥቼ ነው የተመለስኩት። ሁሉም ‹ሰዉን ጠይቅ› ይላል፤ ሰዉን ሁሉ እንዴት አድርጌ ላናግር? አሁን ግን ተገላገልኩ። እርስዎንም አላስቀይምዎትም» አለና እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ።

ሻምበል ፊታቸው ቀላ። በሥራ ዘመናቸው ጉቦ የሚባል ነገር ቀምሰው አያውቁም። «እጅህን ከኪስህ አውጣ! መኪናህን አዙር!» ብለው ፊሽካቸውን እስኪሰነጠቅ ነፉት። ሰው ጀሪካኑን ይዞ ከየቤቱ ብቅ ብቅ አለ።

ባለ በርሜሉ ፈገግታው ጠፋ። አክብሮቱም አብሮት ጠፋ።

«ወግድ እባክህ! ለመሆኑ አንተን ማን ሾመህ?»

ሻምበልን በሕይወታቸው ይህን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። መለዮ ለብሰው የነበረ ጊዜ መልሱ ደረታቸው ላይ ተለጥፎ ነበር። አሁን ግን እውነት፣ ማን ሾማቸው? ማንም። ሰውዬው ትከሻቸውን ገፋ አድርጎ አለፈና የውሃ ጎማውን ጎትቶ ቧንቧው ላይ ሊሰካ ጎንበስ አለ።

ያኔ ነው ልብስ ሰፊዋ ከሰዉ መሐል የወጣችው። ጀሪካኗን በሰውዬውና በቧንቧው መሐል አስቀመጠችና ቀና ብላ አየችው።

«እኛ ነን የሾምናቸው» አለች። «ዛሬ ተራው የሳቸው ነው።»

ሻምበል ጆሯቸውን ማመን አቃታቸው። ያቺ ያዋረዷት ሴት! አናጢው መዶሻውን በእጁ እንደያዘ መጥቶ ከጎኗ ቆመ። «ነገ ደግሞ የኔ ነው» አለ። «ከነገ ወዲያ የሷ ነው» አለ ሌላው። እንዲህ እያለ ሰዉ አንድ በአንድ ጀሪካኑን ከመኪናው ጎማ ፊት ደረደረ። የመታ የለም፣ የተሳደበ የለም። ባለ በርሜሉ ዞር ዞር ብሎ አየ፤ የሚገዛው አንድ ሰው ፈልጎ አጣ። እያጉረመረመ የውሃ ጎማውን ጠቀለለና መኪናውን ወደ ኋላ እየነዳ ሄደ።

ሰዉ ሲስቅና ሲጨባበጥ ልብስ ሰፊዋ ብቻ አልሳቀችም። ፀሐዩን አይታ ጀሪካኗን ለቀቀችው። «ረፈደ» አለች፤ እንባዋ ዱብ አለ። «ዛሬ ካረፈድኩ አለቀልኝ።»

«እናትሽን ለኛ ተይልን» አለች መምህሯ ጀሪካኑን እያነሳች። «አሁኑኑ ሂጂ!»

ሻምበል አብረዋት ሄዱ። ማንም አልጠየቃቸውም። ከፋብሪካው በር ሲደርሱ የፈረቃው ኃላፊ በሩን ግጥም አድርጎ ዘግቶ ቆሟል። ሻምበል ባርኔጣቸውን አወለቁ። በሕይወታቸው በር አስዘግተው ያውቃሉ እንጂ በር ላይ ቆመው ለምነው አያውቁም።

«ጌታዬ፣ ያስረፈድኳት እኔ ነኝ፤ የዛሬውንም ያለፈውንም። ጥፋቱ የኔ ነው። ልጅቷ ታታሪ ናት።»

ኃላፊው ከላይ እስከ ታች አያቸው። «እርስዎ ደግሞ ምኗ ነዎት?»

«ጎረቤቷ ነኝ» አሉ ሻምበል።

«ጎረቤት ይዞ የመጣ ሠራተኛ ዛሬ ገና ማየቴ ነው» ብሎ ኃላፊው በሩን ከፈተ። «የመጨረሻሽ ነው፤ ግቢ።»

ከሰዓት በኋላ ሰፈርተኛው አናጢው ደጅ ተሰበሰበ። ሻምበል ከመሐል ቆሙ፤ ልብስ ሰፊዋ ከሥራ ስትመለስ ጠብቀው ጎንበስ ብለው ይቅርታ ጠየቋት፤ እሷም «ኧረ አባባ፣ ይነሱልኝ!» ብላ ከትከሻቸው ደግፋ አነሳቻቸው። ከዚያ ወደ መምህሯ ዞሩ።

«ልጄ፣ አሸነፍሽኝ። እኔ እስከ ዛሬ የፈራ ሰው እንጂ የተስማማ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። ፊሽካዬ የሚያስቆመው የሚፈራኝን ነው፤ ያ ሰውዬ አልፈራኝም፣ ስለዚህ ምንም አልነበርኩም።»

«እኔም ሙሉ በሙሉ አላሸነፍኩም ጋሼ» አለች መምህሯ። «እርስዎ እዚያ ባይቆሙና ባይጮኹ ማን ይሰማ ነበር? ሁላችንም እንቅልፍ ላይ ሆነን ቀድቶ ይሄድ ነበር። ደግነታችን ብቻውን በርሜሉን አያስቆመውም። የሚቆም ሰው ያስፈልገናል። ብቻ ሁልጊዜ ያው አንድ ሰው አይሁን፤ ዘበኝነቱም እንደ ውሃው በተራ ይሁን።»

«እሱስ ደግ ነበር» አሉ ሻምበል እየተጠራጠሩ። «ግን ዳኝነት ልምድ ይፈልጋል። እንዴት ዝም ብሎ ተራ ሰው ይዳኛል?»

አናጢው ሳቅ አለ። «ሻምበል፣ እኔ ቋንቋ አላውቅም። ግን ተራ ሰው ማለት ተራው የሚደርሰው ሰው ማለት ይመስለኛል።»

ሻምበል ቃሉን ሁለት ሦስት ጊዜ በከንፈራቸው ደገሙት። ዕድሜያቸውን ሙሉ «ተራ ሰው» ሲሉ ንቀት ነበር። ራሳቸውን ነቀነቁና «ይሁን፣ ገባኝ» አሉ።

በዚያው ተስማሙ። የሚጠብቀው ሰው በየቀኑ ይለዋወጣል፤ የታመመ ያለበትና የቸኮለ ይቀድማል፤ ጠባቂው የተጠራጠረውን ነገር ከመከልከሉ በፊት ይጠይቃል። ይቺን የመጨረሻዋን ያስገቧት ራሳቸው ሻምበል ናቸው። ጥቅሙ ብዙም ሳይቆይ ታየ። ነገ የሚጠብቀው ሰው ዛሬ አይሾልክም፤ ዛሬ የሚጠብቀው ነገ ተሰላፊ ነውና አያመናጭቅም። ሊገዛ የሚመጣ ቢኖር የሚገዛው አንድ ሰው አያገኝም፣ ሊደፍር የሚመጣ ቢኖርም የሚደፍረው አንድ ሰው አያገኝም። ጀሪካኖቹም ባለቤት ሳያቆማቸው መሰለፍ ጀመሩ። ለዓለም ሁሉ ይበቃ እንደሆነ ይህን የጻፈ ሰው አያውቅም፤ ለአንድ ቦኖ ግን በቅቷል፤ ሀገርም ብዙ ቦኖ ነው።

ክረምቱ ሲወጣ የልብስ ሰፊዋ እናት አረፉ። ሰፈሩ በሙሉ ቀበራቸው።

ከሐዘኑ በኋላ የመጀመሪያው ማለዳ የሻምበል ተራ ነበር። ውሃው ገና አልመጣም። ልብስ ሰፊዋ ጥቁር ለብሳ ጀሪካኗን ይዛ መጣች። አናጢው እንደ ልማዱ ከፊት ቦታ ለቀቀላት። እሷ ግን ለእሱ ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰላምታ ሰጥታው አለፈች፤ ሰልፉን በሙሉ ተከትላ ሄዳ ሄዳ ጀሪካኗን ከመጨረሻው ጀሪካን ኋላ አስቀመጠች። ሂጂ ያላት የለም፤ ያያት እንኳ ከሻምበልና ከአናጢው በቀር ማንም አልነበረም።

ሻምበል ከድንጋያቸው ተነሡ። ከከዘራቸው ጋር ቀስ እያሉ እስከ ሰልፉ መጨረሻ ሄዱና ውሃው እስኪመጣ ድረስ ከአጠገቧ ቆሙ።